ቀዩ ፊልተር ለስሜን አይሆንም

ጥቁርና ነጭ የመልክዓ ምድር ፎቶ የጀመረ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀይ ፊልተር ላይ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያግድ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ይጎላል፣ የሩቁ ጭጋግ ይሳሳል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ዮሰሚቲ ውስጥ ሀፍ ዶም የተባለውን ዓለት በቢጫ ፊልተር ካነሳ በኋላ ሰማዩ ያሰበውን ያህል እንደማይጠቁር ገባውና፣ በቀረችው አንዲት የመስታወት ነጋቲቭ ላይ በቀይ ደገመው። ስሙን ያስጠራው ይኸኛው ነው።

ሀፍ ዶም ግን ራቁቱን የቆመ ግራናይት ነው፤ የስሜን ተራራ ሣር ለብሷል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ አረንጓዴውን ይመልሳል። ስለዚህ እዚያ ግጭ ሜዳ ላይ በቀይ ፊልተር ያነሳ ሰው ከሰማዩ ጋር ሣሩንም ያጠቁራል። በዚያ ላይ ፊልተሩ ሦስት ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል፤ በእሜት ጎጎ አፋፍ ንፋስ የመዝጊያው ፍጥነት ከቀነሰ ደግሞ ሣሩ ይደበዝዛል።

እኔ ቢጫ አረንጓዴውን ፊልተር እመርጣለሁ። ሰማዩ ገርጣ ይላል፤ ይበል። በመስከረም ያልተነካው የጓሳ ሣርም፣ ከብት የጋጠውም፣ የገብሱ ማሳም አረንጓዴ ነው፤ በባለቀለም ፎቶ ሦስቱም አንድ ምንጣፍ ይመስላሉ። ቀለሙ ሲቀር ግን ይለያያሉ። ማለዳ ፀሐይ በጎን ስትመጣ የጓሳው ጉጥ ጫፉ ነጭ፣ ሥሩ ጥቁር ይሆናል። የተጋጠው መሬት ጥላ የሚጥል ነገር ስላልቀረው ልሙጥ ግራጫ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ይህ ልዩነት ይጠፋል። (በዲጂታል የሚሠራ ሰው ፊልተሩን መግዛት የለበትም፤ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴውን ከፍ ማድረግ ይችላል። ሰማያዊውን ከመጠን በላይ ዝቅ ካደረገው ግን ተራራው ከሰማይ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ይወጣል፤ ፎቶው በትልቁ ሲታተም አይደበቅም።)

የስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቷል፤ እርሻና ግጦሽ ከሥጋቶቹ መካከል ነበሩ። በጠቆረ ሰማይ ሥር የተነሳ ገደል ሰው ደርሶበት የማያውቅ ያስመስላል፤ ተመልካችም የሚወደው እሱን ነው። እኔ ግን አፋፉ ላይ ጓሳውና የተጋጠው የሚገናኙበትን መስመር ከፍሬሜ አላስወጣም።