ስለ ብቅ ባይና ስለ ከልካዩ

በድረ ገጽ ማሰሻ ላይ ሳይጠራ የሚከፈተውን መስኮት «ብቅ ባይ» ብሎ የሰየመው ሰው፥ በእኛ አስተያየት፥ ከሚገባው በላይ ደግ ስም ሰጥቶታል። በአርጆ ብቅ የሚል እንግዳ እንኳ አስቀድሞ ከደጅ ድምፁን ያሰማል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትራይፖድ ሳለ ፕሮግራሙን የጻፈው ኤታን ዙከርማንም በ2014 ይቅርታ ጠይቆበታል።

ከልካዩን ኦፔራ ቀድሞ፥ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በ2004 ተከትሎ አበጁ። አሠራሩ ሲመረመር ግን ጕድለቱ ይገለጣል፤ ይኸውም የመስኮቱን ቃል አያነብም፥ የሚመለከተው ሰውዬው መጫኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ተንኰለኛው ማስታወቂያ አንዲት መጫን ጠብቆ ይገባል፤ ወይም መስኮት ሳይከፍት በገጹ ላይ ይነጠፋል፥ ይህንንም ከልካዩ ከቍጥር አያስገባውም። በአንጻሩ መስመሩ በሚዘገይበት ቀን፥ አርጆ ያለ አመልካች የጠየቀው ቅጽ ጥቂት ሰከንዶች ከቈየ፥ መጫኑ ተረስቶ ቅጹ ይታገዳል። የማመልከቻው ቀን ግን አይጠብቀውም።

በዚህ ተናደው ከልካዩን ፈጽመው የሚያጠፉትን አንደግፍም። በክሮም የጣቢያ ቅንብሮች ውስጥ ለሚታመነው አንድ ጣቢያ ብቻ መፍቀድ፥ ቅጹ ከተሞላም በኋላ ፈቃዱን መሻር ይቻላል።