ሃያ አምስት ሕፃናት ለአንድ ሠራተኛ፤ ከዚያስ?

በሰብአዊ ዕርዳታ ሥራ ስለ ሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች የሚያወሳውን መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ሥልጠና ላይ አይታችሁታል። መጀመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ2019 ተሻሽሎ ታተመ። በየስብሰባው ከሚጠቀሱት ቁጥሮቹ አንዱ፣ አንድ ሶሻል ወርከር በአንድ ጊዜ ከ25 በላይ ሕፃናት አይያዝ የሚለው ነው።

ቁጥሩ መልካም ነው። 80 ፋይል የታቀፈ ሰው የልጆቹን ስም እንኳ አያስታውስም። ባጀት የሚሰጠው ወገን «አንድ ሠራተኛ ይበቃችኋል» ሲልም መከራከሪያ ይሆነናል።

ይሁን እንጂ 25 የሚለካው የሠራተኛውን ሸክም ነው፤ የልጁን ኑሮ አይነግረንም። እኛ ደግሞ ሪፖርት ስንጽፍ ሁለቱን እናምታታለን። «25 ሕፃናት ተጎብኝተዋል» ብለን እንዘጋለን። እሺ፣ ተጎብኝተው ምን ሆኑ? ዘመድ ቤት የተጠጋችው ልጅ ትምህርት ቤት ገባች ወይስ አሁንም ውሃ ስትቀዳና ሕፃን ስታዝል ትውላለች? ባለፈው ወር የተገባላት ቃል ተፈጸመ? ማስረጃ ማለት ይኼ ነው።

ሌላው ጉዳይ ቦታው ነው። እንደ ኡም ራኩባ ባለ ካምፕ ሠራተኛው ከመጠለያ መጠለያ በእግሩ ይደርሳል። ካርቱም ውስጥ ግን ስደተኛው ቤት ተከራይቶ፣ በየሰፈሩ ተበታትኖ ነው የኖረው። ጠዋት ጅሬፍ ያለውን ልጅ አይቶ ከሰዓት ኦምዱርማን ልሻገር ያለ ሰው ቀኑ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ኪራይ ሲወደድም ቤተሰቡ ሰፈር ይለውጣል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሳ ብዙ ስደተኞች ከካርቱም ወደ ገዳሪፍና ወደ ነጭ ዓባይ ግዛት ሸሽተዋል። ልጅ እንዲህ ሲንከራተት ፋይል ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የካምፑ 25 እና የከተማው 25 እኩል አይደሉም።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የመጽሐፉ ብቻ አይደለም። መስፈርቶቹ እንደየአካባቢው ሁኔታ ይስተካከሉ፣ ሕፃናቱም ሐሳባቸውን ይስጡ ይላል። ያንን ክፍል የምንዘለው እኛው ነን።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። መምህሩና ሶሻል ወርከሩ በወር አንዴ ቁጭ ብለው አቴንዳንሱን ይዩ፤ ማን ቀረ? ለምን ቀረ? የልጁ ምስጢር ግን ለሌላ ሰው አይነገርም። ልጁንና አሳዳጊውንም «ምን ተሻለ? ምን ባሰ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም በሚቀጥለው ሪፖርት ከ25 ጎን እንጻፈው።