ስለ ናሙና የሚሰጡ መልመጃዎችና የሚያልፉት ጥያቄ

በመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ትምህርት ስለ ናሙና የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ከአንድ አውራጃ በዕጣ ከተመረጡ 100 ቤተሰቦች 60ዎቹ ጥማድ በሬ ቢኖራቸው፥ የመላው አውራጃ ድርሻ በምን ወሰን ውስጥ ይገመታል? ተማሪው 0.6ን በ0.4 አባዝቶ፥ ለ100 አካፍሎ፥ የውጤቱን ዳግም ዘር በ1.96 ያበዛል፤ ከ50 እስከ 70 ከመቶ የሚል፥ 95 ከመቶ የሚታመን ወሰንም ያገኛል። ናሙናው 400 ቢሆን ወሰኑ ከ55 እስከ 65 ይጠባል፤ ስፋቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋልና።

ስሌቱ ነቀፋ የለበትም። ነቀፋ የሚገባው «በዕጣ የተመረጡ» የሚለው ሐረግ እንደ ቀላል ነገር መታለፉ ነው። ጸሐፊው በሁለት ቃል የሰጠውን፥ አጥኚው በመስክ በብዙ ድካም እንኳ ሁልጊዜ አያገኘውም።

ለዚህ ምስክሩ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በፊት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ ልኮ፥ ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ መልስ ተቀበለ። ከሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች ለላንደን 57፥ ለሩዝቬልት 43 ከመቶ ሰጠ። በመልመጃው ቀመር ቢሰላ፥ የሚገመተው ስሕተት ከ0.1 ከመቶ ያነሰ ነበር። ነገር ግን ሩዝቬልት ከ60 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ስሞቹ በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ ስለ ተወሰዱ ድኾች ጐደሉ፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ አልመለሱም። የናሙናው ብዛት ጉድለቱን አላረመውም፤ ይልቁንም ሸፈነው።

ይህ አደጋ ለባሕል ጥናት ቅርብ ነው። ከመንገድ ዳር ያለውን መንደር፥ በገበያ ቀን የተገኘውን ሰው፥ ታሪክ ዐዋቂ የተባለውን ሽማግሌ የጠየቀ አጥኚ ብዙ ቁም ነገር ይማራል፤ በመላው ሕዝብ ስም ወሰን ለመጻፍ ግን መብት አያገኝም። ጎረቤታሞችም በልማድ ስለሚመሳሰሉ፥ ከአምስት መንደሮች ሃያ ሃያ ሰው መጠየቅ 100 ሰው ከመላው አውራጃ በዕጣ እንደ መምረጥ አይቈጠርም። ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1937 እንዳስረዳው፥ 95 ከመቶው የአሠራሩ ምስክር እንጂ የአንዱ ወሰን ዋስትና አይደለም፤ አሠራሩ ዕጣ ካልሆነ ምስክሩ ይቀራል።

ስለዚህ መልመጃው ከስሌቱ አስቀድሞ፥ ስሞቹ ከየትኛው መዝገብ እንደ ወጡና ማን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ ሊያስመረምር ይገባል። አንዳንድ ጊዜም ትክክለኛው መልስ፥ ከዚህ ናሙና ወሰን ሊሰጥ አይቻልም የሚለው ነው።