የሎንግዉድ የክረምት ድግስ፤ ስለ ጋባዥና ተጋባዥ የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፥ ኬኔት ስኩዌር ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ ሎንግዉድ የተባለ ከ1,000 ኤከር የሚበልጥ የአትክልት ርስት ይገኛል። በዚህ ርስት ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ የገና ትርኢት ይታያል፤ ቀጥሎም ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ የአበባ ትርኢት ይቀርባል። በነዚሁ ወራት ሕዝቡ ከኦርጋን ጋር በአንድነት ይዘምራል፤ ከአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበርም የጋራ ንባብ ይደረጋል። እዚህ ላይ ክረምት ሲባል ለአማርኛ አንባቢ የተለመደው የዝናብ ወራት ሳይሆን የበረዶው ወራት መሆኑን፥ ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በሁለት ነገር ነው፤ በውበቱና በሚመጣው ሰው ብዛት። በሁለቱም በኩል ሎንግዉድ ምስጋና አያንሰውም። ውጭው በውርጭ ደርቆ ሳለ በመስተዋቱ ቤት ውስጥ ልምላሜ ማየት ታላቅ ደስታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ትምህርት ከዚህ አልፎ ይጠይቃል፤ ደጋሹ ማነው? የሚጋበዘውስ? ተጋባዡ ስለ ግብዣው ምን ይከፍላል? ስለ ቤቱስ ምን እየተነገረው፥ ምንስ ሳይነገረው ይመለሳል?

አገሩ ቀድሞ የሌናፔ ሕዝብ ነበረ። በ1700 ጆርጅ ፒርስ የተባለ የክዌከር ሃይማኖት ተከታይ ገበሬ መሬቱን ያዘ። በ1798 ከዘሩ የተወለዱት መንትያ ወንድማማቾች ጆሹዋና ሳሙኤል ከየስፍራው ዛፍ እያመጡ መትከል ጀመሩ። በ1850 ገደማ የፒርስ ፓርክ በአገሪቱ ውስጥ ከታወቁት የዛፍ ስብስቦች አንዱ ሆኖ ነበር፤ የአካባቢውም ሰው በጥላው ሥር ይሰበሰብ ነበር። በኋላ ወራሾቹ ቸል ስላሉት ርስቱ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። በ1906 ዛፎቹ ለጣውላ ሊቆረጡ ሲሉ ፒየር ዱፖንት ገዝቶ አዳናቸው። እንግዲህ የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ስፍራ መሰብሰብን የተማረው ከዱፖንት ነው ማለት አይቻልም። ዱፖንት ያመጣው አዲስ ነገር መሰብሰቡን ከበጋ ወደ ክረምት፥ ከዛፍ ጥላ ወደ መስተዋት ጣራ ማዛወሩ ነው።

ታላቁ የመስተዋት ቤት የተከፈተው በ1921 ነው። በዚያው ዓመት ፒየር ዱፖንትና ባለቤቱ አሊስ ለሠራተኞቻቸውና ለልጆቻቸው የገና ግብዣ አደረጉ፤ ግብዣውም በየዓመቱ የሚጠበቅ ልማድ ሆነ። የዚህን ድግስ ምንጭ ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። የዱፖንት ቤተሰብ ሀብት የተመሠረተው በባሩድ ነው፤ ኩባንያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ባሩድ ሸጦ ታላቅ ትርፍ አግኝቷል። ስለዚህም ትርፍ በ1934 የኩባንያው መሪዎች በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። የ1921 ግብዣ ግን አንድ ግልጽነት ነበረው። ጋባዡ ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ ተጋባዡም ያው ደመወዝተኛው ነበር። የጌታና የሎሌ ግንኙነት በስጦታ ቢለዝብም አልተሰወረም።

ፒየር ዱፖንት በ1954 ከሞተ በኋላ ርስቱ እርሱ ባቋቋመው ድርጅት እጅ ቀጥሎ የገናው ግብዣ ለሕዝብ ሁሉ የሚከፈት ትርኢት ሆነ። ዛሬ ጎብኚው ሰዓት የተወሰነበት ቲኬት ቆርጦ ይገባል። ደመወዝተኛው ተጋባዥ በከፋይ ተጋባዥ ተተካ፤ ጋባዡም ፊት የሌለው ድርጅት ሆነ። ድግሱ ግን የቀድሞውን መልክ እንደያዘ ነው፤ አንዱ ያዘጋጃል፥ ሌላው መጥቶ ያደንቃል። የእንግሊዝኛው ቋንቋ ይህን ጉባኤ፥ ጎረቤቱንም ደንበኛውንም አንድ አድርጎ፥ በአንድ ስም ይጠራዋል። ስሙን «ማኅበር» ብሎ ለመተርጐም የሚፈልግ ሰው ወዲያው ይቸገራል። ማኅበርተኛ ማለት ዛሬ ቢበላ ነገ ተራው ደርሶ የሚደግስ ነው። ተራ የማይደርሰው እንግዳ ነው እንጂ ማኅበርተኛ አይደለም። ይህ የትርጕም ችግር ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙን ጉድለት በትክክል የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ድግሱ የስፍራውን ታሪክ በብርሃን መሸፈኑ ነው። የጥንቶቹ ክዌከሮች ቀን ሁሉ እኩል የተቀደሰ ነው ብለው ስለሚያምኑ ገናን አያከብሩም ነበር፤ በጸሎታቸውም ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያ አይነፋም ነበር። በእነርሱ መሬት ላይ ዛሬ 10,010 ቧንቧዎች ባሉት፥ በ1930 በተተከለው ኦርጋን የገና መዝሙር ይዘመራል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ልማድ ሁሉ በሌላ ልማድ ላይ ይተከላልና። ግን ሊነገር የሚገባው ነው። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ሎንግዉድ የሚለው ስም የተገኘው ከጎረቤቱ ከሎንግዉድ የስብሰባ ቤት ነው። ይህን ቤት በ1855 የሠሩት ባርነትን በብርቱ በመቃወማቸው ከቀድሞ ጉባኤያቸው የተለዩ ክዌከሮች ናቸው። በዚያ ፍሬዴሪክ ዳግላስና ሶጆርነር ትሩዝ ተናግረዋል፤ ከባርነት የሚያመልጡትም በዚያ አካባቢ መጠጊያ ያገኙ ነበር። በጁን 1862 መልእክተኞቻቸው ወደ ፕሬዚዳንት ሊንከን ቀርበው የባሮችን ነጻነት እንዲያውጅ ጠይቀዋል። የስብሰባው ቤት በአትክልቱ መግቢያ አጠገብ ዛሬም ቆሟል። እርግጥ በጥንቱ በፒርስና ዱፖንት መኖሪያ ቤት የርስቱ ታሪክ ለጎብኚ ይቀርባል። የክረምቱ ሕዝብ የሚጎርፈው ግን ወደ መስተዋቱ ቤት ነው፤ መብራቱም ስለዚያ የነጻነት ጉባኤ አንዳች አይናገርም።

ሦስተኛው ነገር ዛሬ በዙሪያው የሚኖረውን ሕዝብ ይመለከታል። ኬኔት ስኩዌር በአሜሪካ ከሚመረተው እንጉዳይ እጅግ የሚበዛው የሚገኝበት አገር ነው። የዚህ ሥራ አጀማመር ከአትክልቱ ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ያስገርማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አበባ የሚያመርቱ ክዌከሮች በመስተዋት ቤታቸው ውስጥ ከአበባው መደብ በታች ያለው ጨለማ ስፍራ ባዶ መቅረቱ ስለ ቆጫቸው እንጉዳይ ዘሩበት። ከላይ አበባው ለዓይን፥ ከታች እንጉዳዩ ለገበያ ሆነ። እንጉዳዩንም በመጀመሪያ ጣሊያናውያን፥ ኋላ ፖርቶ ሪካውያን፥ በመጨረሻም አብዛኛውን ሜክሲካውያን ለቅመውታል። እንጉዳይ በጨለማ ቤት ውስጥ ስለሚበቅል በረዶ ቢወርድም ለቀሙ አይቋረጥም። እንግዲህ ክረምት ለጎብኚው የዕረፍትና የብርሃን ወራት ሲሆን ለለቃሚው እንደ ሌላው ወራት የሥራ ወራት ነው። «የአካባቢው ሕዝብ» ሲባል ይህን ለቃሚ የማይጨምር ከሆነ ቃሉ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ከክረምቱ ፕሮግራሞች ሁሉ ለዚህ ሒስ በተሻለ ሁኔታ መልስ የሚሰጠው ከሁሉ ያነሰ ብርሃን ያለው የጋራ ንባቡ ነው። በዚህ ፕሮግራም ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ተመርጦ በየቤተ መጻሕፍቱ ይነበባል፤ ሰዎችም ተሰብስበው ይወያዩበታል። መጽሐፉ ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል፤ አንባቢውም አይቶ ከማድነቅ አልፎ ሐሳብ ይሰጣል፥ ይቃወማልም። እዚህ ተጋባዡ ለጥቂት ጊዜ ማኅበርተኛ ይሆናል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የሚመርጠው አሁንም ባለቤቱ ነው። የዚህ መንገድ ፍጻሜ ምርጫውም በተራ እንዲዞር ማድረግ ይሆናል፤ አንድ ዓመት እንጉዳይ ለቃሚዎቹ፥ አንድ ዓመት አትክልተኞቹ ቢመርጡ ማለት ነው።

ሎንግዉድ በኖቬምበር 2024 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበትን አዲስ የማስፋፊያ ሥራ ከፍቶ የመስተዋት ጣራውን አስፍቷል። ቤቱ ሰፍቷልና የቦታ ጥበት ከእንግዲህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በ1906 የዳኑት ዛፎች የዳኑት አንድ ሰው ገንዘብ ስለነበረው ነው፤ ይህ መልካም ሥራ አይካድም። ዛፍን ለማዳን አንድ ባለጸጋ ይበቃ ይሆናል። የአንድን አገር ሕዝብ በአንድ ጣራ ሥር ማኅበር ለማድረግ ግን ድግሱን ማሳመር ብቻ አይበቃም፤ የደጋሽነቱን ተራ ማካፈልን ይጠይቃል።