በጀርባው የሚከፈት ዓሣ

ቆሮሶ የለመደ አበሻ ዓሣ ሁሉ በሆዱ የሚከፈት ይመስለዋል። ጅቡቲ ከተማ ያለ የየመን ዓሣ ቤት ባለሙያ ግን ቢላውን ከዓሣው ራስ ያስነሣና ጀርባውን ይዞ እስከ ጭራው ይወርዳል። ራሱንም ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ የሆዱን ቆዳ ግን አይነካም። ዓሣው እንደ ዳዊት ይገለጣል። ሙያው እዚህች ላይ ነው፦ ወፍራሙ የጀርባ ሥጋ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚሳሳ እሳቱ ሁሉንም ያዳርሰዋል፤ ጠርዙ አርሮ ውስጡ ጥሬ አይቀርም።

ከዚያ በርበሬ የበዛበት ቅመም ይቀባና ምድጃው ውስጥ ይወርዳል። ምድጃው እንደ ጋን ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ሸክላ ነው፤ እሳቱ ከሥር። ከዓሣው ጋር የሚበላው ቂጣም የሚጋገረው እዚያው ነው። ጋጋሪው ሊጡን ከመዳፍ መዳፍ እያቀባበለ ያሳሳና በጨርቅ ትራስ አድርጎ የምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ክንዱ ገብቶ ይወጣል፤ ያውም ሐምሌ ላይ የውጭው ሙቀት ብቻውን ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ! ቂጣው ተነፍቶ ጠቃጠቆ እንዳወጣ፣ ለቅቆ ሳይወድቅ ይነሣል። ሰዓት የሚያይ የለም።

ዓሣው ሲቀርብ ላዩ ጠቁሮ ያረረ ይመስላል። በጣት ሲነኩት ግን ሥጋው ነጭና ወዛም ነው፤ ሳይታገል ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከጎኑ ቲማቲም፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የተፈጨበት ማባያ አለ።

እኔ ሆዴን የማተርፈው ለሙክባዛ ነው። ትኩስ ቂጣ ከሙዝና ከማር ጋር ይፈተፈታል። ለጨጨብሳ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ጨጨብሳ ቁራሹ ይታወቃል፣ ሙክባዛ ግን ቂጣው ከሙዙ እስከማይለይ ይታሻል። በበርበሬ የተለበለበ ምላስ የሚበርደው በእሱ ነው።

ጅቡቲንና የመንን የሚለየው የባብ ኤል መንደብ የባሕር ወሽመጥ ጠባቡ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የየመን ምድጃ ጅቡቲ መገኘቱ አይገርምም። የመኖች አዲስ አበባም ድረስ ዘልቀው ፈጢራ አስለምደውናል።

ቤቴ ስመለስ አንድ ቆሮሶ ገዝቼ በጀርባው ልከፍት ሞከርኩ። ቢላው ጀርባውንም ሆዱንም ይዞ ወጣ፤ በሁለት እጄ ሁለት ግማሽ ዓሣ ይዤ ቀረሁ።