የጥንት ከተሞች የኅትመት ሥዕል፤ ለግድግዳ ጌጥ ወይስ ለትምህርት?

በጅቡቲ ከተማ ሄሮን በሚባለው ሰፈር በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት በቆየንበት ጊዜ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት የኅትመት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለው አየን። አንደኛው የአንድ የሆላንድ ከተማ ሥዕል ሲሆን፣ ሁለተኛው የአክሱምን ሐውልት ያሳያል። ልንሰናበት ስንል ጋባዣችን የአክሱሙን አውርደው፣ «ለተማሪዎቻችሁ ይሁን» ብለው ሰጡን። ስጦታው አስደሰተን፤ አሳሰበንም።

በሆላንድ ከተሞችን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ማተም የቆየ ሙያ ነው። የአምስተርዳሙ አታሚ ዮሃን ብላው እ.ኤ.አ. በ1649 ባወጣው የከተሞች መጽሐፍ ከ200 በላይ ሥዕሎች ይገኛሉ። መጽሐፉ ሁለት ቅጽ ነው፤ አንደኛው ከስፔን አገዛዝ ነፃ የወጡትን፣ ሁለተኛው በስፔን ንጉሥ ሥር የቀሩትን ከተሞች ይዟል። እንግዲህ አንድ ከተማ በየትኛው ቅጽ እንደገባ ማወቁ ራሱ ታሪክ ነው። ነጋዴዎች እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ገነጣጥለው ሥዕሉን በነጠላ ሲሸጡ ግን ይህ ትርጉም ይጠፋል። ገዢው የሚያገኘው ውብ ወረቀት ብቻ ነው።

የአክሱሙም ሥዕል እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱምን አይቶ ነደፈው፤ በ1809 ለንደን ከታተሙት 24 ሥዕሎቹ አንዱ ሆነ። በሥዕሉ ላይ ከትልቅ ዛፍ አጠገብ የቆመው ታላቅ ሐውልት አንድ ብቻ ነው። ዛሬ አክሱምን ያየ ተማሪ «ሁለተኛውስ የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱም ይኸውና፤ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት ያን ጊዜ ወድቆና ተሰባብሮ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1937 ወደ ሮም ወሰደው፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ቆመ። አንድ ወረቀት የ200 ዓመት ታሪክ አስተማረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥዕል ሁሉ የታመነ ምስክር አይደለም። ሶልት ራሱ፣ ከእርሱ በፊት አክሱምን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ ያሳተመውን የሐውልት ሥዕል ስሕተት አለበት ሲል ነቅፏል። የሶልትንም ቢሆን ለኅትመት የቀረጹት ለንደን የተቀመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቀለሙም በእጅ የተቀባ ስለሆነ የሰማዩን ወይም የአፈሩን መልክ ከእርሱ መፍረድ አይቻልም።

ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። የተሰጠን ሥዕል ከመስታወቱ ክፈፍ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ ግርጌው ተቆርጧል። የሠዓሊው ስም፣ የታተመበት ቦታና ዓመት ከግርጌው ጋር ሄደዋል። ስለዚህ የ1809 ኅትመት ይሁን ወይም በኋላ የተባዛ መለየት ተቸገርን። መልኩ አለ፤ አንደበቱ ግን ተቆርጧል።

ስለሆነም ሥዕል የሚሰበስቡም ሆኑ የሚሰጡ ወገኖች ግርጌውን ባይቆርጡ፣ ከየት እንደተገኘ ከጀርባው በእርሳስ ቢጽፉ፣ ከፀሐይና ከባሕር እርጥበት ቢጠብቁ መልካም ነው። ለክፍል ትምህርት ደግሞ ከተገነጠለ መጽሐፍ ይልቅ መግለጫው የተሟላ ቅጂ ይበልጣል።

እኛም የተማርነው አለ። ተማሪዎቻችን የከተማቸውን ገበያ ወይም አደባባይ ነድፈው፣ ስማቸውንና ቀኑን ከግርጌው ቢጽፉ፣ ነገ ለሚመጣው ትውልድ ስጦታ ይሆናል። ግርጌውን ግን ማንም እንዳይቆርጠው አደራ።