ከወርቁ በታች ያለው መስመር



ውድ አንባቢ ሆይ! በብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ከዐረብ አገር የተላከ ነው። ጥቁር ዐባያ የለበሰች ልጃችን ወይም እህታችን ቆማለች፤ ከኋላዋ እንደ ወተት የነጡ ጉልላቶች፣ ከጎኗ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ ይታያል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶግራፉ ከግድግዳው ይወርድና «ይህ የአቡዳቢው መስጂድ ነው፤ ጉልላቱ ብቻ ሰማንያ ሁለት ነው አሉ» ይባላል። እንግዳውም «ማሻአላህ!» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

እስቲ ዛሬ ከፎቶግራፉ አልፈን ወደ ውስጥ እንግባ። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ከአስጎብኚ ኋላ ሆነን እንዙር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በልባችን እንያዝ፦ ይህ ቤት የተሠራው እንዲሰገድበት ነው ወይስ እንዲታይ?

የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጂድ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ለሶላት የተከፈተው በ2007 ነው። ያሠሩት የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መሥራች ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን ግን ፍጻሜውን አላዩም። በ2004 ወደ አኼራ ሄዱ፤ ቀብራቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጉብኝቱ ገና ሳይጀመር ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሕንፃው ሲያልቅ በሕይወት ለመኖሩ ዋስትና የለውም፤ ይዞት የሚሄደው ኒያውን ብቻ ነው።

ጉብኝቱ በነፃ ነው። ሙስሊም ያልሆነም ሰው ቢሆን በሥርዓት ለብሶ እስከመጣ ድረስ በሩ አይዘጋበትም። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ያልሰለሙትን የሰቂፍ መልእክተኞች በመስጂዳቸው ተቀብለው አስተናግደዋልና። ዓይናችን የሚሰናከለው በመግቢያው ላይ ነው። ዛሬ ጎብኚ ወደ መስጂዱ የሚያልፈው ከመሬት በታች በተሠራ፣ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት የገበያ ስፍራ በኩል ነው።

ገበያና መስጂድ ጎረቤት መሆናቸው አዲስ ነገር አይደለም ይሉ ይሆናል። ልክ ነዎት። የእኛው አንዋር መስጂድ ያለው መርካቶ መሐል ነው። ነገር ግን እዚያ አዛን ሲሰማ ነጋዴው ሚዛኑን ያስቀምጣል፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ይላል፣ ገበያው ወደ መስጂድ ይፈሳል። በጁሙዓ ቀን ግቢው ሞልቶ ሰዉ በአስፋልት ላይ ካርቶንና መስገጃ እያነጠፈ ይሰግዳል። በአቡዳቢው የጎብኚ መንገድ ግን ፍሰቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ መስጂዱን አይቶ የጨረሰው ሰው ተመልሶ ገበያው መሐል ይገኛል። በመርካቶ ገበያው ለመስጂዱ ይታዘዛል፤ እዚህ ግን መስጂዱ ለገበያው ደንበኛ ያመጣል። አሠሪዎቹ ይህን አስበውበት ነው አንልም፤ መንገድ ግን የሚሄድበትን ሰው ያስተምራል።

ወደ ሰፊው ግቢ እንውጣ። 17 ሺህ ካሬ ሜትር የሚያህል ነጭ እብነ በረድ ተነጥፎ፣ በባለ ቀለም ድንጋይ አበባና ሐረግ ተሥሎበታል። ዙሪያውን ያሉት በረንዳዎች ያረፉባቸው ዓምዶች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ጉልላቶቹ እንደተባለው 82፣ ሚናራዎቹ 4 ናቸው። ልብ ብለው ከተመለከቱ የሞሮኮን፣ የግብፅ መምሉኮችን፣ የኦቶማንንና የሕንድ ሙጋሎችን የአሠራር ስልት በአንድ ግቢ ውስጥ ያገኛሉ። ይህ ኡማው አንድ መሆኑን ለማሳየት ታስቦ ከሆነ መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም እነዚያ ስልቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ አገር ፀሐይ፣ ድንጋይና ኑሮ የበቀሉ ነበሩ። ከሥራቸው ተነቅለው ጎን ለጎን ሲደረደሩ ከሁሉም ዓይነት ናሙና ያለበት ሱቅ ይመስላሉ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉንም በአንድነት የያዛቸው ነጩ ቀለም ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ዓይን ማረፊያ ያጣ ነበር።

አሁን ጫማ አውልቀን ወደ ዋናው የሶላት አዳራሽ እንግባ። 7 ሺህ ያህል ሰጋጆችን ይይዛል። 96 ዓምዶች በእብነ በረድ ተለብጠው በባሕር ዛጎል አጊጠዋል። ከመሐለኛው ጉልላት ሥር በጀርመን አገር የተሠራ፣ በወርቅ የተለበጠና በክሪስታል ያሸበረቀ ታላቅ መብራት ተንጠልጥሏል፤ ስፋቱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱም 12 ቶን ያህል ነው። አስጎብኚው ይህን ሲናገር የጎብኚው አንገት ሁሉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ የፎቶግራፍ ማንሻውም እንደዚያው።

ውድ አንባቢ! እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰጋጅ በሶላቱ ውስጥ የሚያየው ወዴት ነው? ግንባሩን ወደሚደፋበት ስፍራ አይደለምን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ጊዜ ጥለት ያለበት ልብስ ለብሰው ሰገዱ። ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱ ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አዘዙ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) መስጂድ ሲያሠሩ፣ ሠሪው ሰዉን ከዝናብ እንዲከልል፣ በቀይና በቢጫ ቀለም ግን ሰጋጁን ከመፈተን እንዲጠነቀቅ እንዳስገነዘቡት በኢማም አል-ቡኻሪ ኪታብ ተወስቷል። የአንዲት ልብስ ጥለት ይህን ያህል ካሳሰበ፣ 12 ቶን ወርቅማ ብርሃን ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ኹሹዕ እንዴት ይገኛል? ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

ነገር ግን ፍርዳችን በአንድ ወገን እንዳይሆን ሌላውንም እናስታውስ። ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ በተጠረበ ድንጋይና በጀሶ አሠርተው ጣራውን በሳጅ እንጨት አልብሰዋል። በጊዜው ሰዎች ብዙ ቢናገሩም እርሳቸው ለአላህ ብሎ መስጂድ የሠራ ሰው ያለውን ምንዳ አስታውሰው መልሰዋል። ስለዚህ መስጂድ ማማሩና መጽናቱ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ውበቱ ሰጋጁን የሚያግዘው ነው ወይስ የሚያዘናጋው? የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ በዚህ መስጂድ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ውበት ይገኛል።

የሚያግዘውን እንይ። የቂብላው ግድግዳ ላይ ዘጠና ዘጠኙ የአላህ (ሱ.ወ.) ስሞች በኩፊክ ጽሕፈት ሰፍረዋል። ብርሃኑ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ሆኖ የሰጋጁን ዓይን እንዳይወጋ ለስለስ ተደርጓል። ሲመሽ ደግሞ በውጩ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የጨረቃን ሂደት ይከተላል፤ ጨረቃዋ ስትሞላ ነጭ፣ ስትጎድል ወደ ሰማያዊ ያደላል። ረመዳንን በጨረቃ ለሚጀምርና ኢዱን በጨረቃ ለሚያከብር ሕዝብ ይህ የረቀቀ ሐሳብ ነው። ቀና ብሎ ግድግዳውን ያየ ሰው በወሩ ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለ ያስባል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከእግራችን ሥር ያለው ነው። ምንጣፉ 5,627 ካሬ ሜትር ነው። የተሠራው በኢራን፣ በኾራሳን አካባቢ ባሉ መንደሮች ውስጥ፣ 1,200 ያህል በሚሆኑ ሠራተኞች እጅ ሲሆን አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ከሁለት ቢሊዮን በላይ የሆነው ቋጠሮ አንድ በአንድ በጣት ታስሯል። በዘጠኝ ቁራጭ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጥቶ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተሰፍቷል። በጥለቱ መሐል፣ የሱፉን ቁመት ሸለት በማድረግ የሶፍ መስመሮች ወጥተውበታል። ቆሞ ከሩቅ ለሚያይ ሰው መስመሩ አይታይም፤ ጥለቱንም አይሰብርም። ለሶላት የቆመ ሰው ግን እግሩን የሚያስተካክልበትን ያገኘዋል።

ይህ ነው እንግዲህ የመስጂድ ጥበብ! ጎብኚውን አያስደንቅም፤ ሰጋጁን ግን ያገለግላል። ከራስ በላይ ያለው ወርቅ ሁሉም ሰው እንዲያየው ተሰቅሏል። ከእግር በታች ያለው መስመር ግን የሚገለጠው ሊሰግድ ለመጣ ብቻ ነው። በገመድ በተከለለው የጎብኚ መንገድ ላይ አልፎ የሚሄድ ሰው ሜትሩንና ቶኑን ሸምድዶ ይወጣል፤ መስመሩ ላይ ሳይቆም መስጂዱን አየሁ ይላል።

በጉብኝቱ ላይ ያለን ትልቁ ትችት ይህ ነው። መስጂድን በክብደትና በስፋት የሚያስተዋውቅ ጉብኝት ቤቱን ከቤተ መንግሥትና ከትልቅ ሆቴል ጋር ለውድድር ያቀርበዋል። በዚህ ውድድር ደግሞ ነገ የሚበልጠው አይጠፋም። ስለ ሶፍ ማንም አይወዳደርም። ባለጸጋውና የቤት ሠራተኛው፣ አለቃውና ግንበኛው ትከሻ ለትከሻ የሚገጥሙባት ያች መስመር በወርቅ አዳራሽም፣ በጭቃ ቤትም ያው አንድ ናት። ዐባያዋን ለብሳ ፎቶግራፉን የላከችልን ልጃችን በሥራዋ ቦታ ከማን በታች እንደምትቆም እኛም እናውቃለን። በሴቶች ሶፍ ውስጥ ግን ከእመቤቷ ጎን ብትቆም ማንም ወደ ኋላ አይላትም።

ስለዚህ ዕድሉ ገጥሞዎት ልጆችዎን ይዘው በዚያ ቢያልፉ፣ ወይም እዚያ ያለችው ልጅዎ ስልክ ስትደውል፣ ይህን አደራ ይበሉ፦ ከመጎብኘት በፊት ውዱእ ይደረግ። ወቅቱ ከደረሰ በጎብኚው መንገድ ሳይሆን በሰጋጁ በኩል ይገባ። ሶላቱ ይቅደም፣ ፎቶግራፉ ይከተል። ልጆቹንም «ጉልላቱ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ «የሶፉን መስመር ማን ቀድሞ ያገኛል?» ይበሏቸው። ፈልገው ሲያገኙት የመስጂድን ትርጉም ያለ ብዙ ንግግር ይረዱታል።

አቡዳቢ የማይደርሱትም ቢሆኑ የጎደለባቸው ነገር የለም። የሰፈርዎ መስጂድ ምንጣፍ ያረጀ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ሶፉም በተዘረጋ ክር የሚለይ ሊሆን ይችላል። በመጪው ጁሙዓ በዚያች ክር ላይ ተረከዝዎን ሲያስተካክሉ፣ የኾራሳን ሴቶች በጣታቸው የደከሙላት መስመር ይህችው መሆኗን ያስታውሱ።

አላህ (ሱ.ወ.) መስጂዶቻችንን በሰጋጅ የሚያምሩ ያድርጋቸው። በሰው አገር የሚደክሙትን ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።